ሠሪውን እንዴት ነው የምናጣራው? ቅዳሜ ቀብድ ክፈሉ ተብለናል

የገርጂ ተከራይ፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

እኔና ባለቤቴ ገርጂ ስንከራይ 9 ዓመታችን ነው። በ9 ዓመት 4 ጊዜ ዕቃ ጭነናል። አሁን ዕቁብ ደረሰን፣ ዱባይ ያለው ወንድሜም ጨመረልንና ሲኤምሲ አካባቢ ባለ 3 መኝታ አፓርትመንት አየን። አየን ስላችሁ ሥዕሉን ነው። ሕንፃው ገና 4ኛው ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ላይ ነው ያለው።

ቢሯቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሕንፃው ትንሽዬ ሞዴል አለ። መስኮቶቹ መብራት አላቸው። ሥሩ ላይ የክብሪት እንጨት የሚያካክሉ ዛፎች ተተክለዋል። ትንሿ ልጄ መስታወቱን በጣቷ እየነካች «እማዬ፣ የኛ የትኛዋ ናት?» አለች። እኔ እዚያው ተሸነፍኩ። ባለቤቴ ግን ከገባን ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው።

ሴልሱ ጨዋ ልጅ ነው። 10 በመቶ ከፍላችሁ ትፈርማላችሁ፣ ቤቱን በ24 ወር ትረከባላችሁ፣ ቅናሹ ግን ቅዳሜ ያበቃል አለን። 10 በመቶው ማለት ያለችን ጥሪት በሙሉ ማለት ነው።

የድርጅቱን ስም አልጽፍም። ያላደረጉትን እንዳልለጥፍባቸው ነው። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሰው ስለ አንድ ሪል እስቴት እውነቱን የት ሄዶ ይሰማል? ጎግል ላይ የራሳቸው ማስታወቂያ ብቻ ነው። ቲክቶክ ላይ አንድ አርቲስት ቁልፍ ይዞ ይስቃል። ከሥሩ ያለው ኮሜንት ግማሹ «ዋው» ይላል፣ ግማሹ «ሌቦች» ይላል። የቱን ልመን?


ባለ7 ዓመት፣ ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ይህን ስም ለጌጥ አላወጣሁትም። «በ24 ወር» ተብዬ ፈርሜ ቁልፍ የያዝኩት በ7 ዓመቴ ነው። ስፈርም ኬጂ የነበረችው ልጄ ስንገባ 6ኛ ክፍል ደርሳለች። ለሷ ብዬ ያስቀባሁትን ሮዝ ክፍል አይታ «ይሄ የሕፃን ነው» ብላ አስቀየረችኝ።

የኔ ጥፋት ምን መሰለሽ? ስለ ቤቱ ጠየቅኩ፣ ስለ ሠሪው አልጠየቅኩም። ሴራሚኩ የጣሊያን ነው የቻይና ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክሬያለሁ። «እስከ ዛሬ ስንት ቤት አስረክባችኋል?» የምትለዋን አንዲት ጥያቄ ግን አላነሣሁም።

ዛሬ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ያስረከቡትን ሕንፃ አድራሻ ጠይቂ። «በግንባታ ላይ ያሉ ሳይቶቻችን» ብለው ብሮሸር ቢሰጡሽ እሱ መልስ አይደለም። ሰው ገብቶ የሚኖርበት ነው የሚፈለገው። ከሌላቸው የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ፣ እሱን ዐውቀሽ ግቢበት። ካላቸው ደግሞ ብቻሽን ሂጂ። ከሴልሱ ጋር ከሄድሽ የሚያስተዋውቁሽ የተመረጠ ነዋሪ አላቸው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሂጂ፣ ሰው ከሥራ ሲገባ። ሊፍት የሚጠብቅ ሰው ሁሉን ይናገራል፣ በተለይ ሊፍቱ የማይመጣ ከሆነ።

ሦስት ነገር ጠይቂ። ቁልፍ መቼ ትይዛላችሁ ተባላችሁ? መቼ ያዛችሁ? ካርታ በስማችሁ ወጣ ወይ? የቀረውን ራሳቸው ይነግሩሻል።

ደግሞ ማኅበራቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ስሚ። ቤቱን በጊዜው የተረከበ ሰው ዕድር ያቋቁማል። ያልተረከበ ኮሚቴ ያቋቁማል። እኛ ኮሚቴ ነበርን። ሰብሳቢያችንን ስኳር የያዛቸው ያኔ ነው።


ቡና ጠጡ፣ ሰኞ ማታ

ሃሃሃ የኮሚቴዋ ነገር! እውነት ነው እኮ። ቴሌግራም ላይ የሳይቱን ስም ጻፊና «ገዢዎች» የሚል ጨምሪበት። የ600 ሰው ግሩፕ ከወጣና የመጀመሪያው መልእክት «ነገ 3 ሰዓት ቢሯቸው በር ላይ እንገናኝ» የሚል ከሆነ፣ በቃ፣ አጣርተሻል።


አርማታ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ሳይት መሐንዲስ ነኝ። እኔ ከወረቀቱ ይልቅ ሳይቱን ነው የማምነው። ልንገርሽ።

ቅዳሜ አትሂጂ። ቅዳሜ ደንበኛ የሚጎበኝበት ቀን ነው፣ ከሌላ ሳይት ሳይቀር ሠራተኛ የሚጫንበት ቦታ ሠርቻለሁ። ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሂጂ። ሚክሰሩ ይጮሃል? ስንት ሰው አለ? ወይስ አንድ ጥበቃና አንድ ውሻ ነው ያለው?

በሩ ላይ ታፔላ ይኖራል። የባለቤቱ፣ የአማካሪው፣ የሥራ ተቋራጩ ስም ተጽፎበታል። ፎቶ አንሺው። ቀለም ተቀብቶ በላዩ ሌላ ስም የተጻፈበት ከሆነ ኮንትራክተሩ መሃል ላይ ተቀይሯል ማለት ነው። ለምን ወጣ? ብዙ ጊዜ ስላልተከፈለው ነው።

ፌሮውን እዪ። ከላይኛው ሶሌታ ወደ ሰማይ የቀረውን የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ ማለቴ ነው። ትንሽ መቅላቱ አያስደንግጥሽ፣ ዝናብ ሲነካው ይቀላል። እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ የሚራገፍ ከሆነ ግን ሥራው ቆሞ ክረምት አልፎበታል። አንድ ክረምት ላይሆንም ይችላል። ሴልሱ «ባለፈው ወር ነው እዚህ የደረስነው» ቢልሽ ፌሮው አይዋሽም።

ሶሌታው ላይ እርጥብ ጆንያ ወይም የተኛ ውሃ ካየሽ ደስ ይበልሽ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ ጥንካሬውም የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ውሃ ማጠጣት ርካሽ ሥራ ነው። ርካሹን የሚዘል ሰው ውዱን ምን እንደሚያደርገው አስቢው።

አንድ ልጨምር፣ ይህን ማንም አይነግርሽም። ምሳ ሰዓት ላይ ቀን ሠራተኞቹን አናግሪ። ሻይ ግዢላቸው። «ሒሳብ በጊዜው ይከፈላችኋል?» በያቸው። ድርጅት እጅ ሲያጥረው ቀድሞ የሚቀረው የነሱ ነው። ከባንኩም ከገዢውም በፊት ሚስጥሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።


ልደታ ዋይ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ጠበቃ ነኝ። አርማታ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ወረቀቱን ልያዝ።

መጀመሪያ ስሙን። ቢልቦርዱ ላይ ያለው ስምና ውሉ ላይ ያለው ስም አንድ ነው ወይ? ብዙ ጊዜ አይደለም። ቢልቦርዱ ላይ ትልቁ የታወቀው ስም አለ። ውሉን የሚፈርመው ግን ለዚያች ሳይት ብቻ የተቋቋመ ሌላ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ነገ ክስ ቢመጣ የምትከሺው እሱን ነው። ካዝናው ውስጥ ምንም ከሌለ ቢፈረድልሽም የምታገኚው ምንም የለም። ስለዚህ ቲን ቁጥሩን (የግብር ከፋይ መለያውን) ተቀበዪና የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ፈቃዱን አጣሪ። ፈቃዱ መቼ ወጣ? ለምን ሥራ ነው? ታድሷል? «የ15 ዓመት ልምድ» የሚል ድርጅት የ8 ወር ፈቃድ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ።

ሁለተኛ መሬቱን። ካርታው በማን ስም ነው? አሁን አሁን ብዙ ሳይት የሚሠራው በግለሰብ ቦታ ላይ ነው። ባለቦታው መሬቱን ያቀርባል፣ ድርጅቱ ይሠራል፣ ቤቱን ይካፈላሉ። አሠራሩ በራሱ ክፋት የለውም። ሁለቱ ሲጣሉ ግን ገዢው መሃል ላይ ይቀራል። በመካከላቸው ያለውን ውል አሳዩኝ በይ። የትኛው ፎቅ የማን ድርሻ እንደሆነ እዪ። ባለቦታው የወሰደውን ቤት ድርጅቱ ለሌላ ሰው ሸጦ የመጣ ጉዳይ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ሦስተኛ፣ ቦታው ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከክፍለ ከተማው ያምጡልሽ። ባንክ በመያዣ የያዘው መሬት ላይ ቤት ልትገዢ እንዳይሆን። በብድር መሥራት ነውር አይደለም፣ ገዢው ከፍሎ ሲጨርስ መያዣው እንዴት እንደሚነሣ ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ ግን ነውር ነው።

ሕጉንም ልንገርሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2876 ገና ያልተሠራን ቤት ለማስረከብ የሚገባ ውል በግንባታ ሥራ ውል ድንጋጌዎች እንደሚገዛ ይናገራል። ቁጥር 3039 ደግሞ ሠሪው ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ጥሩ ነው አይደል? ታዲያ በ3ኛው ዓመት ማኅበሩ ፈርሶ ቢሮው የልብስ ቡቲክ ከሆነ 10 ዓመቱን ማንን ትይዢበታለሽ? እኔ ሁልጊዜ ወደ ሠሪው የምመለሰው ለዚህ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሪል እስቴትን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል። «ውላችሁ ከአዲሱ አዋጅ ጋር ተስተካክሏል?» ብለሽ ጠይቂው። ከመልሱ ይልቅ ፊቱን ተመልከቺ።


ሴልስ ነኝ ምን ይሁን፣ ማክሰኞ ማታ

ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ሌባ አደረጋችሁን። እሺ። እኔ በዚህ ሥራ 6 ዓመት አለኝ፣ ሦስት ድርጅት ሠርቻለሁ፣ ከአንዱ በጸብ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ጥብቅና አልቆምም። ግን መዘግየት ሁሉ ሌብነት አይደለም። ሊፍት ከውጭ ነው የሚመጣው። ዶላር ጠፍቶ ሕንፃው አልቆ ለሊፍት ብቻ ዓመት የቆምንበት ጊዜ አለ። መብራት ኃይል ትራንስፎርመር እስኪያስገባ ስንት ወር ነው? ደንበኛውስ? ሦስተኛውን ዙር ክፍያ በጊዜው የሚከፍል በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ «ዘገዩ ወይ?» ብቻ አትበሉ። «ሲዘገዩ ምን አሉ?» በሉ። ስልክ ያነሣሉ? ደብዳቤ ጻፉ? ቅጣት ከፈሉ? ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጥቶ ሰው አናገረ ወይስ እኔን መሰል ልጅ በር ላይ አቆመ? እኔ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው እግሬ ሥር አነጠፉት። በሳምንቱ ለቀቅኩ።

ኮሜንት ላይም ብዙ አትመኑ። «ዋው» የሚለውን አንዳንዴ እኛው ነን የምንጽፈው። «ሌቦች» የሚለውን ደግሞ አንዳንዴ ጎረቤት ሪል እስቴት ነው።

እና እህቴ፣ ከልቤ ነው የምልሽ፣ የቅዳሜው ነገር አያስጨንቅሽ። ሁልጊዜ ቅዳሜ አለ።


ባለ7 ዓመት፣ ማክሰኞ ማታ

ሴልስ ነኝ፣ ለቅንነትህ አመሰግናለሁ። የኔዎቹ ቢያንስ ስልክ ቢያነሡ ኖሮ ግማሹን ይቅር እላቸው ነበር። ቁጥሬን ብሎክ አድርገውት በባለቤቴ ስልክ ስደውል «የትኛውን ቤት ፈለጉ ደንበኛችን?» አሉኝ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማክሰኞ ሌሊት

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። እዚህ ሜሪላንድ አዲስ ቤት ስንገዛ ሠሪው በስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት መመዝገቡን አጣራን። ፍርድ ቤቱም በነፃ የሚታይ ድረ ገጽ አለው። የድርጅቱን ስም ስትጽፊ ማን እንደከሰሰው ይወጣል። ባለቤቴ አንድ ሌሊት ሙሉ እሱን ሲያነብ አደረ። አንዱን ሠሪ የተውነው በዚያ ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ሰው ስለ ጣሪያ ከስሶት ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሴት አዲስ አበባ ስገዛ ምን አደረግኩ? ለአክስቴ ልጅ ውክልና ላክሁለት። «አይቻለሁ፣ አሪፍ ነው፣ ፈርሜልሻለሁ» አለኝ። በኋላ ስሰማ ከሻጩ ኮሚሽን ተቀብሏል። ዘመዴ የኔ ዐይን ሳይሆን የነሱ ደላላ ነበር። አሁን ሠርግ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ምግቡን እናመሰግናለን።

በውጭ ያላችሁ፣ የምትልኩት ሰው ከሽያጩ ምንም የማያገኝ ይሁን። ለአርማታ ዓይነት መሐንዲስ የግማሽ ቀን ከፍሎ ፎቶና ቪዲዮ ማስላክ ይሻላል። ቪዲዮው የማይቋረጥ ይሁን፣ ከታፔላው ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ።


ቡልቡላ፣ ረቡዕ ጠዋት

አንድ ነገር ተረስቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዶላር በገበያ ዋጋ ይሁን ሲባል፣ እኔ 60 በመቶ ከፍዬ ጨርሼ ነበር። በሁለተኛው ወር ቢሮ ተጠራሁ። «የግንባታ ዕቃ ዋጋ ስለጨመረ ልዩነቱን ይከፍላሉ» ተባልኩ። ውሉን ሳወጣ እውነትም አንቀጽ አለች፣ አንድ መስመር ተኩል። ስፈርም አላነበብኳትም። የጓደኛዬ ድርጅት ግን በዚያው ወር ሁሉንም ሰብስቦ «የፈረማችሁበት ዋጋ ይጸናል፣ 8 ወር ግን ታገሡን» አላቸው። በ10 ወሩ አስረከበ። ስለ አንድ ሠሪ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ያኔ ምን እንዳደረገ ጠይቁ። ሁሉም የተፈተነበት ወቅት ነው።


የገርጂ ተከራይ፣ ረቡዕ ማታ

ሄድኩ! አሁን ነው የገባሁት። እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ሴልሱ «ሰሚት ያስረከብነው ሕንፃ አለ» ብሎ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ልክ 12 ሰዓት ላይ ደረስን። ሊፍቱ በር ላይ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ራሱ ቢጫ ሆኗል። አንዲት እናት ቲማቲምና ቃሪያ በፌስታል ይዘው ደረጃው ላይ ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ፌስታሉን ተቀበልኳቸው። 6ኛ ፎቅ ነው ቤታቸው። 3ኛ ፎቅ ስንደርስ ሁሉን ነግረውኝ ጨርሰዋል።

ቁልፍ የተባሉት ሰኔ 2011 ነው። የያዙት ጥቅምት 2014። «ካርታስ እማማ?» አልኳቸው። «ካርታ? እኛ የምናውቀው ካርታ እነዚህ ልጆች ደረጃ ላይ የሚጫወቱትን ነው» አሉኝ። እውነትም 5ኛ ፎቅ ላይ አራት ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ።

ግን ሁሉም ክፉ አይደለም፣ እሱ ነው ግራ ያጋባኝ። ቤት አስገብተው ቡና አፈሉልን። ግድግዳው ደረቅ ነው። የላይኛው ፎቅ ድረስ ወጥተን ኮርኒሱን አየነው፣ አንድ የውሃ ምልክት የለም። ባለቤቴ ሴራሚኩን በሳንቲም እየቆረቆረ ዞረ (ይህን የት እንደተማረ አላውቅም)፣ ባዶ የሚጮኸው ሁለት ብቻ ነው። እማማ «ሥራቸው ጥሩ ነው ልጄ፣ ቃላቸው ነው የሌለው» አሉኝ። ስልክ ያነሣሉ ወይ አልኳቸው። «ድሮ ያነሡ ነበር። የመጨረሻውን ክፍያ እስክንጨርስ።»

ደግሞ ሜትር ይዘን ነበር። እማማ የገዙት 120 ካሬ ነው። ባለቤቴ ከግድግዳ ግድግዳ ሲለካው 93 መጣ። ደግሞ ለካ። 93።


ሴልስ ነኝ ምን ይሁን፣ ረቡዕ ማታ

27ቱ ካሬ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ የሊፍቱ ጉድጓድና የግድግዳው ውፍረት ነው። ግሮስ ይባላል። እኛ የምንሸጠው ግሮስ ነው፣ አንቺ የምትኖሪው ኔት ላይ ነው። ሳይጠየቅ የሚነግር ሴልስ አላውቅም። እኔም አልነግርም ነበር።


አርማታ፣ ረቡዕ ማታ

ማለትም እማማ ለማይሠራው ሊፍት ጉድጓድ በካሬ ከፍለዋል።


ልደታ ዋይ፣ ሐሙስ ጠዋት

እህቴ፣ ጎበዝ ነሽ። የካርታው ጉዳይ ቀላል እንዳይመስልሽ። ለብቻው ካርታ ያልወጣለትን ቤት መሸጥም ለልጅ ማውረስም ባንክ ማስያዝም መከራ ነው። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ሕንፃው ተመዝግቦ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ከ2014 እስከ ዛሬ ካልወጣ ምክንያት አለው። ወይ ከተፈቀደው በላይ ፎቅ ጨምረዋል፣ ወይ የመሬቱ ጉዳይ አልጠራም፣ ወይ ያልተከፈለ ነገር አለ። የትኛው እንደሆነ ጽፈው ይመልሱልሽ። አሁን ውሉን ቤት ወስደሽ እንድታነቢው ጠይቂ።


የገርጂ ተከራይ፣ ዓርብ ማታ

ውሉን ጠየቅኩ። «ከቢሮ አይወጣም» አለኝ። እዚሁ ላንብበው አልኩት። 17 ገጽ ነው። ልጁ እስክጨርስ ሁለት ጊዜ ውሃ አመጣልኝ፣ በሦስተኛው ሻይ።

ስሙ ሌላ ነው። ልደታ ዋይ እንዳሉት ቢልቦርዱ ላይ ያለው አይደለም። ቲን ቁጥሩን እጄ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት፣ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሣት አፍሬ። ማታ ባለቤቴ ድረ ገጹ ላይ አወጣው። ፈቃዱ 11 ወሩ ነው።

እኔ ክፍያ በአንድ ወር ባዘገይ ወለድ አለው፣ በሦስት ወር ውሉ ይፈርሳል ይላል። እነሱ ቢዘገዩስ? «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» ይልና ምክንያቶቹን ይዘረዝራል። የሲሚንቶ እጥረት አለበት። የመብራት መቋረጥ አለበት። «የአየር ፀባይ» የሚልም አለበት። አዲስ አበባ በየዓመቱ ክረምት እንደሚመጣ አያውቁም እንዴ?

ስለ ሰሚቱ ካርታ ጠየቅኩት። «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ከ2014 ጀምሮ? «ሂደቱ ረጅም ነው እህቴ።» ምክንያቱን በደብዳቤ ስጡኝ ስለው ሥራ አስኪያጁን ላናግር ብሎ ገባ። ተመልሶ ሲመጣ ደብዳቤ አልያዘም፣ የቁልፍ መያዣና ካላንደር ይዞልኝ ነው የመጣው።

ስንወጣ ባለቤቴን «ምን አሰብክ?» አልኩት። በሳምንቱ ውስጥ የተናገረው ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ይኼው፦ «ቤቱን ወድጄዋለሁ፣ እማማን የሚያስለቅስ ሰው ጋር ግን ገንዘቤን አላስቀምጥም።»

ልጄ እስከ አሁን «መብራት ያላት ቤታችን» ትላታለች። እሷ ናት የከበደችኝ።


ቡና ጠጡ፣ ዓርብ ማታ

ሰውየውን ያዥው። ቤት ይገኛል።


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዓርብ ሌሊት

እኔም እንደሷ «መብራት ያላት ቤት» ብዬ ነው የገዛሁት። 41 ዓመቴ ነበር።


የገርጂ ተከራይ፣ ሰኞ ጠዋት

ቅዳሜ አልሄድንም። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ፣ አንድ ነገር ያመለጠኝ ይመስለኝ ነበር። ማታ ላይ እንዲያውም ከባለቤቴ ጋር ተኮራረፍን።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሴልሱ ደወለ። «እህቴ፣ በደንበኞች ጥያቄ ቅናሹ እስከ ወሩ መጨረሻ ተራዝሟል።»


ሴልስ ነኝ ምን ይሁን፣ ሰኞ ጠዋት

አላልኩም?


ባለ7 ዓመት፣ ሰኞ ከሰዓት

እህቴ፣ ለቡ አካባቢ የማውቀው አንድ ሕንፃ አለ። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ እዚያ ትኖራለች። ሰባት ወር ዘግይተው ነው ያስረከቧት፣ ግን በየወሩ የሥራውን ፎቶ ይልኩላት ነበር። ካርታዋ ወጥቷል፣ በዐይኔ አይቻለሁ። አሁን ሌላ ሳይት ጀምረዋል ብላኛለች። ስሙን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የእኔን ቃል ግን አትመኚ፣ ራስሽ ሄደሽ ሊፍት ሥር ቁሚ።


የገርጂ ተከራይ፣ ሰኞ ማታ

አየሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ረቡዕ 12 ሰዓት ላይ እዚያ ነን። አርማታ፣ የእኛ ሜትር 5 ሜትር ብቻ ናት፣ ሳሎኑ አልደርስ ብሎን እማማ ጋ በእርሳስ ምልክት እያደረግን ነው የለካነው። ረዘም ያለ ታውሰናለህ?


አርማታ፣ ሰኞ ማታ

የ30 ሜትር አለኝ። ገርጂ ማርያም ጋ ነገ ማታ 1 ሰዓት። ሳንቲሙን ግን ራሳችሁ ያዙ።